«አስም ተነሳብኝ»
ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች፣ ተረኛ ተክታችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ ብዙ አላቆያችሁም።

የዛሬው ጉዳያችን አስም እያለበት የታዘዘለትን መድኃኒት በአግባቡ የማይወስድ ሰው ነው። በካርዱ ላይ «መድኃኒት ያቋርጣል» ብለን ጽፈን የምናልፈው ሰው። እስቲ ከአንዲት ቃል እንነሳ፤ «ተነሳብኝ» ከምትለው። ታማሚዎቻችን «አስም ተነሳብኝ» ነው የሚሉት። በአነጋገራችን አስም የሚተኛና የሚነሳ ነገር ነው። ብርድ ሲመታን፣ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ጉንፋን ሲይዘን ይነሳል፤ ካልተነሳ የለም። ታዲያ ለሌለ በሽታ ጠዋት ማታ መድኃኒት ሳቡ ስንል ሰዉ ቢያቅማማ ምን ይገርማል?

አስሙ የተኛ ሲመስልም የአየር ቧንቧው እንደተቆጣ ነው። ሰማያዊው ሳልቡታሞል ቧንቧውን በደቂቃዎች ይከፍታል፤ ለ4 ወይም ለ6 ሰዓት ያሳርፋል፤ ቁጣውን ግን አይነካውም። ቁጣውን የሚያበርደው ቡናማው ቤክሎሜታዞን ነው። እሱ ደግሞ በሳቡት ዕለት ምኑም አይታወቅም፤ ለውጡ የሚታየው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ቆይቶ ነው። አንዱ ከሞት የመለሰኝ፣ ሌላው ምንም ያላደረገልኝ ከመሰለኝ፣ ገንዘብ ሲያጥረኝ የቱን እገዛለሁ? ያውም ቡናማው ይወደዳል፤ እኛ ዘንድ ሲጠፋም «ከውጭ ግዙ» ብለን እንሸኛለን። ጊና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ሳልቡታሞል ብቻውን ለአዋቂዎችና ለአፍላ ወጣቶች መሰጠቱ እንዲቀር የመከረው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። የኛ ወረቀት ላይ ግን ዛሬም «ሲያፍን ብቻ» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ።

የራሴንም ጉድ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት በየጊዜው እያፈናቸው ይመጡ ነበር። «መድኃኒቱን በደንብ ይወስዳሉ?» እላለሁ። «አዎ ልጄ» ይላሉ። አላመንኳቸውም። ቢሆንም ፕሬድኒሶሎን ጨመርኩላቸው። በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ «እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። በመሐረብ የተጠቀለለውን ኢንሄለር አወጡ፤ ሳይነቀንቁ አፋቸው ውስጥ ከተቱና ተጫኑት። ትንፋሻቸውን አልሳቡም፤ ነጩ ጉም በአፍና በአፍንጫቸው ተመልሶ ወጣ። «ይኸው ልጄ» አሉኝ።

መቼ እንደከፈቱት ጠየቅኳቸው። «ለእንቁጣጣሽ ነዋ!» አሉኝ። ወሩ ኅዳር ነው። ያ ኢንሄለር የሚረጨው 200 ጊዜ ነው፤ ጠዋት 2 ማታ 2 ሲሳብ በቀን 4፣ ለ50 ቀን ይበቃል። መስከረም 1 የተከፈተ ጥቅምት 20 ያልቃል ማለት ነው። ቁጥር የማያሳይ ከሆነ ግን መድኃኒቱ አልቆም ጋዙ ስለሚተርፍ ሲጫኑት «ፍስ» ይላል፤ ያለ ይመስላል። ቸልተኛ ናቸው ብዬ የጠረጠርኳቸው ሴት አንድም ቀን አላጓደሉም ነበር። እስከዚያ ድረስ እኔን ጨምሮ አንድ ባለሙያ እንኳ «ያሳዩኝ» አላላቸውም።

በርግጥ እያወቁ የሚተዉም አሉ። «ኢንሄለር ከጀመሩት አይለቅም፣ ሱስ ነው» ብለው የሚፈሩ አሉ። ሰው ፊት መሳብ የምታፍር ልጅ አለች። ጾም ይገደፍብኛል ብሎ የሚያቋርጥም አለ፤ ካልጠየቅነው ደግሞ አይነግረንም። ለረመዳን ጿሚ የጠዋትና የማታው መድኃኒት ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ይገጥማል፤ ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ንግግር የለበትም። እያንዳንዳችሁ ባዶ ኢንሄለር ይዛችሁ አጠገባችሁ ላለው ባልደረባ ታሳያላችሁ፤ እሱም ያርማችኋል። ከዶክተሮቹ እንጀምራለን፤ ከኔ ማለት ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን የግማሽ ሊትር ውሃ ጠጡት፣ ፕላስቲኩን ግን እንዳትጥሉት። ከሻይ በኋላ ግርጌውን በስተን ስፔሰር እንሠራበታለን።

ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል።