የሳኦል ጥሩርና የሐና መደረቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በመካከላችን በቀይ ሽብር ዘመን ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ በማትሪክ ውጤት ምክንያት ሐኪም መሆን የቀረበት፣ ከቅኔ ቤት ሳያስመሰክር በችግር የወጣ ጥቂት አይደለም። ምኞት ግን ባለቤቱ ስለ ተሰደደ አይሞትም፤ ልጅ ሲወለድ ይነሣል። ልጁም «ሐኪም ትሆናለህ» እየተባለ ያድጋል። መጫወቻ ያጣ አባት ቤቱን በመጫወቻ ይሞላል፤ በዱላ ያደገች እናት ተግሣጽን ጨርሳ ትተዋለች። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ወላጁ የራሱን የልጅነት ቁስል በልጁ ሲያክም የልጁ ጥያቄ ሳይሰማ ይቀራል።

ከሕዝቡ ሁሉ በቁመት የሚበልጠው ሳኦል ዳዊትን ወደ ጎልያድ ሲልከው የራሱን ጥሩር አለበሰው። ሐሳቡ ሊጠብቀው ነበር። ዳዊት ግን አልለመደውምና አውልቆ በሚያውቀው ወንጭፍ ወጣ።

ሐናም ለብዙ ዓመታት ያልተፈጸመ ምኞት ነበራት። ሳሙኤልን ከወለደች በኋላ ግን የእንባዋ ካሳ አድርጋ አልያዘችውም፤ ለእግዚአብሔር ሰጠችው። በየዓመቱም ትንሽ መደረቢያ ትሠራለት ነበር። እንዲህ የምትሠራ እናት የአምናው ልክ ለዘንድሮ እንደማይበቃ ታውቃለች።

ስለዚህ ያልደረስንበትን ለልጆቻችን በታሪክነት እንንገራቸው፤ በዕዳነት ግን አናውርሳቸው። በዚህ በስደት ምድር ፊደልን፣ ጸሎትንና ምግባርን ማስተማር ግዴታችን ነው። ሙያን በተመለከተ ግን እግዚአብሔር ለልጁ የሰጠውን ጸጋ አስቀድመን እንጠይቅ። በዚህ የምሥረታ በዓል የቤተ ክርስቲያናችንን ዕድሜ ስንቆጥር የልጆቻችንንም ቁመት እንለካ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።