ቆላ ድባ፦ የዩኒቨርሲቲያችን ባለውለታ
(በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ዕለት የተደረገ ንግግር)



ጎንደር የመጣ ሁሉ የፋሲልን ግንብና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳያይ አይመለስም። ደግ ነው። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ከዚህ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደንቢያ ሜዳ ላይ ስላለችው ስለ ቆላ ድባ ልናገር ነው። ለምን ቢባል፣ የቤታችን መነሻ እሷ ናትና።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ አካባቢውን የመታው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የተከፈተው ከዚያ መቅሠፍት በኋላ ነው። ጤና መኮንን፣ የሕብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አብረው እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ባለሙያው ከተማ ቁጭ ብሎ በሽተኛ ከሚጠብቅ፣ በቡድን ሆኖ ገጠር ይውረድ።

የቆላ ድባ ጤና ጣቢያም መማሪያችን ሆነ። እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን ቲቲፒ የወጣነው እዚያ? ቤት ለቤት ዞረን ጠይቀናል፣ መጸዳጃ ቤት ቆጥረናል። ሕዝቡ ደግሞ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው የያዘን። ቡና በተፈላ ቁጥር ተጠርተናል፤ አቦሉን ጠጥቶ በረካውን ሳይጠብቅ የሚነሣማ ወዮለት!

ትምህርትም ነበረው። አንዲት እናት «ንዳድ የሚነሣው ክረምቱ ሲወጣ፣ ውኃው መሬት ላይ ሲተኛ ነው» ብለውኛል። እውነት ነው፤ የደንቢያ ዋልካ ውኃ ቶሎ አይመጥም፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትንኟ የምትራባው ባቆረው ውኃ ላይ ነው። ያው ዋልካ ግን ጤፉንና ሽምብራውንም ያበቅላል። የሚያበላውም የሚያሳምመውም አንድ መሬት መሆኑን ከመጽሐፍ በፊት ከእሳቸው ሰማሁ።

ዛሬ ከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት። መንገዱ ወደ ጎርጎራ ይዘልቃል፤ እዚያ ጣና ዳር የደብረ ሲና ማርያም ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ፣ የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽም አለ። ጎብኚው ታዲያ ቆላ ድባን በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። ወባው ግን ዛሬም በየዓመቱ ይመለሳል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወሮ፣ ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። በሚቀጥለው መሰባሰቢያ አንዱን ቀን ለቆላ ድባ እንስጥ። ለፎቶ አይደለም፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት እንዙር፣ ከሆስፒታሉ ልጆች ጋር ቁጭ ብለን ምን እንደሚያጥራቸው እንስማ፣ ወጣት መምህሮቻችንም የምርምር ጥያቄያቸውን ከዚያ ያምጡ። ያስተማረን ሕዝብ ውለታ አለብን።