የቮልስ ማሞቂያ

ያገለገለ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት የመርካቶው ሶማሌ ተራ ስለ አሮጌ መኪና ሞተርና ፍሬን የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ማሞቂያ የሚያስታውስ ግን ጥቂት። በቮልስ ላይ ግን የተበላሸ ማሞቂያ እንደ ተበላሸ ሬዲዮ የሚታለፍ አይደለም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነውና፣ ወደ ተሳፋሪው የሚመጣው ሙቀት የጭስ ማውጫውን ቱቦ በከበበ የብረት ሽፋን ውስጥ ያለፈ አየር ነው። ቱቦው ዝጎ ከተበሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል፤ ይህ ገዳይ ጋዝ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም።

«አገራችን ሞቃት ናት፤ ማሞቂያውን ዘግቶ መንዳት ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለች ከተማ፣ በሐምሌ ዝናብ የደበዘዘውን የፊት መስታወት የሚያጠራው ይኸው ሞቃት አየር ነው። የዛገ መዝጊያም አጥብቆ አይዘጋም፤ መስኮት መክፈትም ቀዳዳውን አይደፍንም። አዲስ ዕቃ ውድ ነው የሚሉት እውነት አላቸው፤ ያገለገለ መግዛት ምንም ነውር የለውም። ብቻ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የቱቦውን ውስጥ በባትሪ መብራት እዩ፣ ብረቱን መታ መታ አድርጋችሁ መሳሳቱን ፈትሹ። ደህና ካልተገኘ፣ ማሞቂያውን ትቶ ያልተበሳ ተራ የጭስ ቱቦ ማስገጠም ይሻላል፤ መስታወቱን በጨርቅ እየጠረጉ መንዳት ይቻላል።