«ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» ሲባል ምን ማለት ነው?



ቤት ወይም መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሽያጭ ማስታወቂያ ሲያነብ፣ የተጻፈው በገዛ ቋንቋው ስለ ሆነ ሁሉን የተረዳ ይመስለዋል። ነገር ግን በገበያ ላይ ቃሉ ሌላ፣ ትርጓሜው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። «በአስቸኳይ የሚሸጥ» ሲባል ሻጩ በእውነት መንገደኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንዲቸኩል የሚፈለገው ገዢው ነው። «ለአስፋልት ቅርብ» የሚለውንም በገዛ እግር መለካት ይሻላል፤ የደላላ እርምጃ ረዥም ነውና።

ይህስ ቀላል ነው። ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስከፍለው «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ነው። መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በጨረታ ሲሸጡ ይህን ቃል ያዘወትራሉ። ፍቺውም፣ ዕቃው ከነጉድለቱ ይሸጣል፤ በኋላ ለሚገኘው ብልሽት ሻጩ ኀላፊ አይደለም ማለት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የብዙ ዓመት ቁጠባውን አውጥቶ እንዲህ ያለች መኪና ገዛ። ቀለሟን አይቶ ደስ አለው እንጂ ሞተሯን በባለሙያ አላስመረመረም። መኪናዪቱ ከግቢው የወጣችው ተጎትታ ነበር። አቤት ቢል፣ የጨረታውን ማስታወቂያ አውጥተው ያንኑ ሐረግ አነበቡለት።

ሕጉ ግን ገዢውን ፈጽሞ አልተወውም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል ሸሽጎ እንደ ሆነ፣ ከኀላፊነት ነፃ የሚያደርገው የውል ቃል አይጸናም። ችግሩ መሸሸጉን ማስረዳት ነው፤ ባልደረባዬም ምስክር አላገኘም።

ወደ ቤት ስንመጣ «ቦታ ይሸጣል» የሚል ይገኛል። ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ በአገራችን የከተማ ቦታ በሽያጭ አይተላለፍም፤ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። «ካርታው በሂደት ላይ ያለ» የሚለውም በግልጥ ዐማርኛ ዛሬ ካርታ የለውም ማለት ነው።

«ቀብድ ለሚያስይዝ ቅድሚያ ይሰጣል» ሲባልስ? በዚያው ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይሁን እንጂ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም። እንግዲህ ደላላው «ወረቀቱ ነገ ይደርሳል» ቢላችሁ፣ ገንዘቡም ነገ ይደርሳል በሉት።

ደኅና እደሩ።