ታብሌትና ለውሕ

 

እኛ የምንኖረው ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ነው። ሰሞኑን ከልጆቻችን አንዱ ታብሌት ላይ አጎንብሶ «ቁርኣን እየቀራሁ ነው» አለን። ጠጋ ብንል ጨዋታ ነበር።

ታብሌት በጣት እየተነካ የሚሠራ ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ነው፤ ቃሉም ሰሌዳ ማለት ነው። አባቶቻችንም የቀሩት በሰሌዳ፣ በእንጨት ለውሕ ላይ ነበር። ልጁ የጻፈውን በቃሉ ይዞ ለኡስታዙ ሳያሰማ ለውሑ አይታጠብም፣ አዲስ ትምህርትም አይጻፍበትም።

ታብሌት ግን «አሰማኝ» አይልም። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ማንበብ ለማይችሉ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ያለ መምህር ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ አጠቃቀሙን በራሳቸው ደረሱበት፤ በወራት ውስጥም እንዳይሠራ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት።

እንግዲያው መቆለፍ ብቻውን አይበቃም። ልጅ የአላህ አማና ነው። ከመግሪብ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጠን «ዛሬ ምን ቀራችሁ? እስኪ አሰሙን» እንበላቸው። ሰሌዳው ቢለወጥም የሚያዳምጥ ጆሮ አይቅርባቸው።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዒልም ይለግሳቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።