የታችኛው ቅጠል ለማን ይሠራል?



ነሐሴ ላይ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ለሚወርድ መንገደኛ ግራ ቀኙ በቆሎ ነው። ነሐሴ ደግሞ ያለፈው ዓመት ገለባ ያለቀበት፣ መሬቱ ሁሉ በሰብል የተያዘበት፣ ከብት የሚሰማራበት የጠፋበት ወር ነው። ስለዚህ ገበሬው ማሳው ገብቶ የበቆሎውን የታች ቅጠል ይሸመጥጣል፤ ተሸክሞም ለላሚቱና ለበሬው ያቀርባል። ከብቱ ስለራበው ነው ካለ ክርክር የለኝም። ነገር ግን «የታችኛው ቅጠል አርጅቷል፤ የላዩን ምግብ እየተሻማ ነውና ቢነሣለት ፍሬው ይሞላል» የሚሉም አሉ። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ አሳብ ጋር ነው።

ቅጠል ለጋ ሳለ ተቀላቢ ነው፤ ስኳሩ የሚመጣለት ቀድመውት ከወጡት ነው። አድጎ ሲዘረጋ ግን ሰጪ ይሆናል። አንዴ ሰጪ ከሆነም ወደ ተቀባይነት አይመለስም። ጥላ ውጦት ራሱን መቻል ካቃተው ቢጫ ሆኖ ይደርቃል እንጂ ከላይኛው ቅጠል እየተቀለበ አይኖርም። ተሻሚ ነው የሚለው ክስ እዚህ ላይ ይወድቃል።

እንዲያውም ከመድረቁ በፊት ያለውን ናይትሮጅን ፈትቶ ወደ ላይ ይልካል። በበቆሎ ፍሬ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ ከቅጠልና ከአገዳ ተነሥቶ የሄደ ነው። ያረጀ ቅጠል ንብረቱን ለልጆቹ አውርሶ የሚሞት አባት ነው ቢባል ያስኬዳል። አረንጓዴ ሳለ ከሸመጠጥነው ውርሱ ወደ በረት ይገባል። እበቱ ተመልሶ ማሳው ላይ ቢበተን መልካም ነበር፤ ኩበት ሆኖ ምድጃ ሲገባ ግን በዕዳ የተገዛው ዩሪያ በጭስ ወጣ ማለት ነው። የጎዛምንንና የማቻከልን ወረዳዎች አሲዳማ አፈር የሚያርስ ሰው ይህ ኪሣራ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ቅጠል ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ቢኤች-660ን እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ የምርምር ማዕከል የተለቀቀው ይህ ረጅም የበቆሎ ዝርያ በአገራችን በሰፊው ተዘርቷል። ፍሬውን በዋናነት የሚሞሉት እሸቱ የተቀመጠበት ቅጠልና ከዚያ በላይ ያሉት ናቸው። ከታች ያሉት ይበልጡን ሥሩን ይቀልባሉ። እሸቱ ጸጉር ካወጣ በኋላ ከላይ ብዙ ቅጠል የተነጠቀ በቆሎ ፍሬውን ለመሙላት ከአገዳው ይበደራል፤ አገዳው ይሰለስላል፤ ነፋስ ሲመጣም ይተኛል። በአንጻሩ መሬት አጠገብ ያሉት፣ ቢጫ የጀመሩት ሁለት ሦስት ቅጠሎች ቢነሡ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ታዲያ ቅጠል መቀነስ የሚጠቅምበት ሰብል የለም ወይ? አለ። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ቤት ቲማቲም የሚያመርቱ ሰዎች ፍሬው መቅላት ሲጀምር ከሥሩ ያሉትን ቅጠሎች ያነሣሉ። ዋናው ምክንያታቸው አየር እንዲዘዋወርና እርጥበት ታፍኖ ሻጋታ እንዳይጋብዝ ነው። ድንችም ሊቆፈር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ግንዱ ቢታጨድ ልጣጩ ይጠነክራል፤ ሲጓጓዝ አይላጥም። የጓሯችን ጎመን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ምርቱ ራሱ ቅጠሉ ነውና እናቶቻችን ከታች እየቀነጠሱ ጫፉን ይተዉለታል። ከጎመን ጓሮ የተማርነውን ወደ በቆሎ ማሳ ይዘን ስንሄድ ነው የምንሳሳተው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለሙያዎች አይቆጡኝ። ሌላ መኖ ሳያሳዩ ገበሬውን «ቅጠል አትሸምጥጥ» ማለት ምክር አይደለም። መኖው አስቀድሞ መታሰብ አለበት። እንደ ቢኤች-660 ላለ ረጅም በቆሎ የሚመከረው ርቀት 75 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ በሄክታርም 44,444 ተክል ነው። ጠጋ አድርጎ የዘራ ሰው በሽልሻሎ ጊዜ የሚያሳሳው ተክል ለከብቱ ምሳ ነው፤ የቀሩትም ብርሃን ያገኛሉ። በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ያለው ደግሞ በነሐሴ ዐይኑን በቆሎው ላይ አይጥልም።

ዋናው ሽምጠጣ የሚፈቀድበት ቀንም በገበሬው እጅ ላይ ይታወቃል። ከእሸቱ መካከል ጥቂት ፍሬ ፈልቅቆ ከቆሮቆንዳው ጋር የተጣበቀበትን ጫፍ ይመልከት፤ ጥቁር ነጥብ ካላየ ፍሬው ገና እየተቀለበ ነው። ነጥቡ ከጠቆረ ምግብ መግባቱ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መድረቅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የእሸቱንም የላዩንም ቅጠል ይሸምጥጥ። ደርቆ ገለባ እስኪሆን ግን አይጠብቅ፤ አረንጓዴው ሳይጠፋ ቢወስደው ለከብቱ የተሻለ መኖ ነው።