የልምድ አዋላጆችና የእናቶች ጤና ድርጅት አመራር

(ለማኅበሩ አባላት በሞጆ ከተማ የቀረበ ንግግር)




ሞጆ በመንገድ የተቈረቈረች፣ በመንገድም የምትኖር ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ አልፎባታል፤ ወደ አዳማ የሚያመራውና በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ የሚወርደው አውራ ጎዳና የሚለያዩባት ናት። የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብም የሚገኘው እዚሁ ነው። በባሕር ማዶ የታሸገ ኮንቴይነር የት እንደ ደረሰ፣ መቼ እንደሚራገፍ፣ በማን እጅ እንዳለ በሰነድ ይታወቃል። ከአውራ ጎዳናው ራቅ ባለ የገጠር ቀበሌ ግን ምጥ የጠናባት እናት በጎረቤት ትከሻ ላይ በቃሬዛ የምትጓዝበት ጊዜ አለ። ጉዞዋን የሚመዘግብ ሰነድ የለም፤ መድረሷንም የሚያረጋግጥ ማንም የለም። የዛሬው ንግግር መነሻ ይህ ልዩነት ነው።

ለመሆኑ አገር በቀሉን የአዋላጅነት ልምድና የእናቶችን ጤና እደግፋለሁ ብሎ የተነሣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራው ምንድን ነው? የልምድ አዋላጂቱን ጓንትና ምላጭ አስይዞ በየቤቱ ታዋልድ ማለት ነውን? ወይስ ዘመኗ አልፏል ብሎ ማሰናበት ነው? ሁለቱም መንገዶች በኢትዮጵያ ተሞክረዋል፤ ሁለቱም ብቻቸውን አልበቁም። የድርጅት መሪ ችሎታ የሚፈተነውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በአማርኛ የልምድ አዋላጅ፣ በኦሮምኛ ዴሲፍቱ የምትባለው ሴት ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋች፣ ራሷም የወለደችና ያሳደገች እናት ናት። ደመወዝ የላትም፤ በእኩለ ሌሊት ስትጠራ ግን እምቢ አትልም። የምጠኛዋን ወገብ ትይዛለች፤ ታጽናናታለች፤ ማርያም ማርያም እያለች ከጎረቤት ሴቶች ጋር አብራ ታምጣለች። ልጁ ሲወለድም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች። በኦሮሞ ዘንድም በአምስተኛው ቀን ሸነን በሚባለው ሥርዓት ሴቶች ተሰብስበው ከአራሷ ጋር ገንፎ ይበላሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ወላዷ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆንና የምትወልድበትን አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ መክሯል። የአገር እናቶች ይህንን ያለ መመሪያ ሲያደርጉት ኖረዋል።

ይሁን እንጂ ውዳሴ ብቻ እናትን አያድንም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ካልታከመ በሁለት ሰዓት ገደማ ሊገድል ይችላል። የተዘጋ ምጥ በጸሎትም በወገሻም አይከፈትም፤ ቀዶ ሕክምና ይሻል። ሆድን በኃይል መጫን፣ ባልጸዳ ምላጭ እትብት መቁረጥ፣ «ትንሽ እንጠብቅ» እያሉ ቀን ማሳለፍ ብዙዎችን አጥፍቷል። ስለዚህ የልምድ አዋላጂቱ ዕውቀት እውነተኛ ነው፤ ወሰን ያለው መሆኑም እንደዚሁ እውነት ነው።

የመንግሥታትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች አቋም በእነዚህ ሁለት እውነቶች መካከል ሲወዛወዝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከተደረገው የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ የልምድ አዋላጆችን ማሠልጠን በብዙ ታዳጊ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ዋና ዘዴ ሆነ። በ2004 ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከአዋላጆችና ከማኅፀን ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበራት ጋር «የሠለጠነ አዋላጅ» ማን እንደ ሆነ ሲደነግግ የልምድ አዋላጂቱን ከዚህ ስም ውጭ አደረጋት። ኢትዮጵያም በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀምራ ለየቀበሌው ደመወዝተኛ ሴቶችን መደበች። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 በሠለጠነ ባለሙያ የታገዘው ወሊድ ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነበር፤ በ2016 ወደ 28፣ በ2019 ወደ 50 ከፍ አለ። ከ100,000 ሕያው ወሊድ የሚሞቱት እናቶች ግምትም በ2000 ከነበረው 871 በ2016 ወደ 412 ወረደ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን በ2019 እንኳ ከወላዶች ግማሽ ያህሉ ያለ ሠለጠነ ባለሙያ እንደሚወልዱ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። በዚያ ግማሽ ዘንድ ማን አለ? ጎረቤትና የልምድ አዋላጂቱ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች የእናትን ሞት በሦስት መዘግየቶች ገለጹት። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው ለመድረስ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። መሐንዲስ ይህንን ሲሰማ የራሱን ሥራ በሁለተኛውና በሦስተኛው ውስጥ ያገኘዋል። መጋቢ መንገድና ድልድይ ከሌለ አምቡላንስ አይገባም። ደም መፍሰስን የሚገታው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ መብራት የማይቋረጥበት ማቀዝቀዣ የወሊድ መሣሪያ ነው። ንጹሕ ውሃ የሌለው ማዋለጃ ክፍልም ስሙ እንጂ ግብሩ ጤና ጣቢያ አይደለም። የመጀመሪያው መዘግየት ግን በአስፋልት አይጠገንም። እርሱ የሚጠገነው እናቲቱ በምታምናት ሴት ቃል ነው፤ ያችም ሴት ብዙ ጊዜ የልምድ አዋላጂቱ ናት።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሃምሊን ባልና ሚስት ታሪክ የበለጠ አስተማሪ ምሳሌ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና የኒውዚላንድ ተወላጁ ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ትምህርት ቤቱ ጥቂት አዋላጆችን ብቻ አሠልጥኖ ተዘጋ። እነርሱ ግን በተራዘመ ምጥ ምክንያት ፌስቱላ ይዟቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶችን አይተው ቀሩ፤ በ1974ም የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ድርጅቱ ካደገ፣ በክልል ከተሞችም ማዕከሎች ከከፈተ በኋላ፣ በ2007 የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር የተመለመሉ ልጃገረዶች አራት ዓመት ተምረው በመጡበት አካባቢ እንዲያገለግሉ ይላካሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓላማ በ48 ዓመቱ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ስላረፉ ይህንን አላዩም፤ ዶክተር ካትሪን ግን በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ፍሬውን ተመልክተዋል። ከትምህርቱ ዋናው ይህ ነው፤ የተሰበረን መጠገን ክቡር ሥራ ቢሆንም፣ እንዳይሰበር የምትጠብቀው አዋላጅ ካልሠለጠነች የሚጠገነው አያልቅም።

በዚያው ሆስፒታል የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በልጅነታቸው በተራዘመ ምጥ ተጎድተው ለሕክምና የመጡት እኚህ ሴት ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀባይ ሆኑ፤ ቆይተውም ራሳቸው ፌስቱላ የሚጠግኑ፣ ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞችን የሚያስተምሩ ሆኑ። በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ተሸላሚ ነበሩ። ዕውቀት በፊደል ብቻ እንደማይገባ፣ የተማረ ሰው ጎን ቆሞ በትዕግሥት ካሳየው የባላገር እጅ የት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ ተነሥቶ እንዲህ ያለውን ድርጅት የሚመራ ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የልምድ አዋላጂቱን ክብሯን ሳይነካ ሥራዋን መለወጥ ነው። ከእንግዲህ የምታዋልድ ሳትሆን ነፍሰ ጡሯን አስቀድማ የምትመክር፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛ የምትመጣ፣ በማዋለጃ ክፍልም እጇን ይዛ የምትቆም ትሁን። በደጅ አስቀርተው በሩን የሚዘጉባት ጤና ጣቢያ በሚቀጥለው ጊዜ ወላዷንም አያገኛትም። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመረው የእናቶች ማቆያ ዛሬ በብዙ ቦታ ተስፋፍቷል። በማቆያው ቡና ሲፈላ፣ ገንፎ ሲገነፋ፣ ሆስፒታሉ ለባላገሯ እንግዳ ቤት መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የሚቈጠረውን ማወቅ ነው። ስንት ሴቶች ሠለጠኑ፣ ስንት ስብሰባ ተደረገ የሚለው ሪፖርት ለረጂ ያምር ይሆናል። እውነተኛው ጥያቄ ግን ስንት እናቶች በጊዜ ደረሱ፣ ስንቶች ሞቱ፣ ለምን ሞቱ የሚለው ነው። ድልድይ የሚመዘነው በፈጀው ሲሚንቶ ሳይሆን ጭነት በመሸከሙ ነው።

ሦስተኛ፣ የገንዘብን ምንጭ ማብዛት ነው። በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የሴቶችን መብት በመሰለ ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ገድቦ ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። አሥር ዓመት ለአንድ ድርጅት ረጅም ጊዜ ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ምሰሶው በተነካ ጊዜ ምን እንደሚሆን ለመሐንዲስ አይነገርም።

አራተኛ፣ ተተኪ ማዘጋጀት ነው። መሪው ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ድርጅት ድርጅት አልነበረም።

የማኅበሩ አባላት ከዚህ ስብሰባ ሲመለሱ ብዙዎቹ የሚጓዙት በዚሁ በሞጆ መገንጠያ ነው። የገጠር መንገድ ሲቀየስ ጤና ጣቢያው በየት በኩል እንዳለ መጠየቅ፣ የጤና ጣቢያ ንድፍ ሲሠራ ለአጃቢ ሴቶች መቀመጫ፣ ለማቆያው ምድጃ፣ ለማቀዝቀዣው አስተማማኝ መብራት ማሰብ ከሙያው ውጭ አይደለም። ለኮንቴይነር የተሰጠው ጥንቃቄ ለእናት ሲሰጥ፣ በሌሊት የተጠራችው ዴሲፍቱ የምትሄድበት መንገድና የምታንኳኳው በር ይኖራታል።